ቦስታ፣ መልክት፣ ፖስታ፦ የፖስታ ሙዚየሙና በመንዝ ቤቶች የቀሩ ደብዳቤዎች
(በዘመሮ ከተማ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ ጽሑፍ)

የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ የሚገኘው አዲስ አበባ ነው፤ ነገር ግን ከታሪኩ ገሚሱ የተቀመጠው እዚህ፣ በእናንተ ሣጥንና በእናንተ ግድግዳ ውስጥ ስለ ሆነ ንግግሩን ከተማ ላይ ከማድረግ እዚህ ማድረጉን መርጫለሁ።

ሙዚየሙ ብሔራዊ የፖስታ ሙዚየም ይባላል። በ1967 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፣ ቦታው ቸርችል ጎዳና ላይ ከዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ነው። ዋናውን ፖስታ ቤት ያላየ ሰው ካለ፣ የዩጎዝላቭያ አርክቴክቶች የነደፉት ትልቅ የኮንክሪት ሕንፃ መሆኑን ልንገረው። ብዙ የአዲስ አበባ ሰው በየቀኑ በሕንፃው በር ያልፋል፤ አጠገቡ ሙዚየም እንዳለ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ባለፈው ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር ስንገባ ከእኛ በቀር ጎብኚ አልነበረም። ጸጥታው ለእኔ ተስማምቶኛል፤ ለአገሩ ግን የሚያስደስት ነገር አይደለም።

የሙዚየሙ ዋና ሀብት ቴምብር ነው። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የታተሙ የኢትዮጵያ ቴምብሮች፣ እንዲሁም ከሌሎች አገሮች በልውውጥ የመጡ ቴምብሮች ተደርድረው ይታያሉ። ቴምብር ትንሽ ነገር ነው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ጎብኚ ቸኩሎ ካለፈ የሚያየው ቀለም ብቻ ነው። ቆም ብሎ ላነበበው ግን እያንዳንዱ ቴምብር አንድ መንግሥት በዚያች ዕለት ስለ ራሱ ሊናገር የፈለገውን ይናገራል።

ከመጀመሪያው እንጀምር። አፄ ምኒልክ ዘመናዊ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም የፈቀዱት መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ነው። ይህ ፈቃድ ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ለሌዎን ሼፍኖ ከተሰጠው የባቡር ሐዲድ ውል ጋር የተያያዘ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ፤ ቅርጹን የቀረጸው ኧዤን ሙሾን የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ሰባት ዓይነት ነበሩ። ዋጋቸው ዝቅ ያለው አራቱ፣ ማለትም የሩብ፣ የግማሽ፣ የአንድና የሁለት ግርሾቹ፣ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ ይዘዋል፤ የ4፣ የ8ና የ16 ግርሾቹ ደግሞ የይሁዳን አንበሳ። የአገሩ ስምና ዋጋው የተጻፉት በራሳችን ፊደል ነው።

ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉልኝ። 1886 ዓ.ም. ከዓድዋ ሁለት ዓመት ይቀድማል። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በጣልያንኛው ቅጂ ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር የምትገናኘው በጣልያን በኩል ነው ይል ነበር፤ በአማርኛው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ቢፈልጉ ይችላሉ ነው የሚለው። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት። እንግዲህ በሚቀጥለው ዓመት የራሳቸውን መልክ፣ የራሳቸውን አንበሳና የራሳቸውን ፊደል የያዘ ቴምብር ሲያሳትሙ፣ ጉዳዩ ደብዳቤ የመላክ ጉዳይ ብቻ ነበር ለማለት ይከብደኛል። የራስን ቴምብር ማውጣት የራስን ሉዓላዊነት ከማሳየት ተለይቶ አይታይም። ሮም ያሉት ሰዎች ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ሌላም የሚታሰበኝ ነገር አለ። ምኒልክ በወጣትነታቸው መቅደላ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ግዞተኛ እንደ ነበሩና በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ወደ ሸዋ እንደ ተመለሱ ታውቃላችሁ። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው በቆንስሉ በካሜሮን እጅ ላኩ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ግን መልስ ሳይጻፍለት ቀረ። የአገራችን ሰው ለጻፈው መልስ ካልመጣለት የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ንቀውኛል። ቆንስሉ ታሰረ፤ ሌሎች አውሮፓውያንም ታሰሩ፤ ነገሩ እየከረረ ሄዶ ሮበርት ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር አስከትሎ መጣ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን አጠፉ። የመቅደላ ታሪክ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በአንድ ደብዳቤ ብቻ አላመካኝበትም። ሆኖም መልስ ያጣ ደብዳቤ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን የሚክድ የታሪክ ሰው የለም። የሚገርመው፣ የናፒየር ጦር የራሱን የጦር ሜዳ ፖስታ ቤት ይዞ መምጣቱ ነው። ወታደሮቹ በሕንድ ቴምብር እየለጠፉ ለቤተሰቦቻቸው ይጽፉ ነበር። በኢትዮጵያ ምድር ቴምብር የተለጠፈበት ደብዳቤ ይመላለስ የነበረው እንግዲህ የእኛ ቴምብር ከመታተሙ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው፤ ግን ደብዳቤው የእኛ አልነበረም።

ከዚያ በፊት ደብዳቤ እንዴት ይሄድ ነበር? በሰው እግር። መልእክተኛው ወረቀቱን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ፣ ወይም በጨርቅ ጠቅልሎ አንገቱ ላይ አስሮ ይጓዛል። ጦማር የያዘ ሰው በመንገድ እንዳይነካ ልማዱ ይጠብቀዋል። ሥርዓቱ ለነገሥታትና ለመኳንንት፣ ለአድባራትና ለነጋዴዎች በቂ ነበር። ለገበሬው ግን ደብዳቤ የቤቱ ነገር አልነበረም፤ የሚልከው ቃል ነው፤ «እንዲህ በልልኝ» ይላል፤ ሄያጁም እንዲህ ይልለታል።

ምኒልክ ካቋቋሙት በኋላም ቢሆን መንገዱ ረጅም ነበር። ደብዳቤ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር፣ ከሐረር በበረሃ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ኢትዮጵያ ገና የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች የምኒልክ ቴምብር ዋጋ የነበረው እስከ ድንበር ድረስ ነው። ወደ ፓሪስ ወይም ወደ ኢየሩሳሌም የሚላክ ደብዳቤ ከእኛው ቴምብር በተጨማሪ የፈረንሳዮቹን የጅቡቲ ቴምብር መለጠፍ ነበረበት። ሁለቱ ጎን ለጎን የተለጠፉባቸው ፖስታዎች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ በጣም የሚፈለጉ ናቸው። እኔ ግን እነርሱን ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ሁለት ጊዜ የሚከፍለው ላኪ ነው።

ይህ ያበቃው ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን ነው። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ1874 በርን ከተማ ላይ የተመሠረተ ነው። ሐሳቡ ቀላል ቢሆንም ድንቅ ነው፦ አባል አገሮች ሁሉ ለደብዳቤ እንደ አንድ ግዛት ይቆጠራሉ። ላኪው በአገሩ ቴምብር አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ የተቀባዩ አገር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያደርስለታል። ሒሳቡ እንዴት ይጣጣማል ብትሉ፣ ደብዳቤ የተጻፈለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ መልስ ይጽፋል፤ ስለዚህ ሂደቱና ምላሹ ይካካሳል ተብሎ ታሰበ። በእድራችንና በደቦአችን ያለው ሐሳብ ይኸው ነው፤ ለዚህ የመንዝ ሰው ማስረጃ አያሻውም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ በበቅሎና በግመል ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የደብዳቤ ጉዞ ወደ ቀናት ወረደ።

አሁን የቋንቋ መምህር ነኝና ትንሽ ወደ ራሴ መስክ ልግባ። በሙዚየሙ ከሁሉ ይበልጥ ያቆመኝ ነገር ቴምብሮቹ ሳይሆኑ በቴምብሮቹ ላይ በኋላ የታተሙት ቃላት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በአማርኛ ብቻ ስለ ነበሩ የውጭ ሰው የየት አገር እንደ ሆኑ አይለይም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1901 «ኢትዮጲ» የሚል የፈረንሳይኛ ጽሕፈት ታተመባቸው። በሚቀጥለው ዓመት «ቦስታ» የሚል የአማርኛ ቃል ታተመ። በ1903 ደግሞ «መልክት»። እነሆ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቋንቋ ለአዲስ ነገር ስም ሲፈልግ በዓይናችን እናየዋለን።

«ቦስታ» ከየት መጣ? አረብኛ «ፐ» የሚል ድምፅ የለውም፤ ግብፆች ፖስታን «ቦስታ» ይሉታል። ሐረርን እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 ግብፆች ይዘዋት እንደ ነበር፣ የፖስታውም ዋና መሥመር በሐረር በኩል ያልፍ እንደ ነበር ስናስብ፣ ቃሉ በዚያ በኩል ቢገባ የሚያስደንቅ አይደለም። «መልክት» ደግሞ የራሳችን ነው፤ በቤተ ክርስቲያን የጳውሎስን መልእክት ስንሰማ የኖርን ሕዝብ ነን። የራሳችን ቃል ማሸነፍ ነበረበት ብዬ በወጣትነቴ እከራከር ነበር። ዛሬ ግን የሆነውን ሳየው ክርክሩ አያስፈልግም፤ አማርኛ ሁለቱንም ለየራሳቸው ሥራ ወሰዳቸው። «መልእክት» ለይዘቱ ቀረ፤ «ፖስታ» ለድርጅቱና ለማሸጊያው። የሚለጠፈውን ደግሞ ከፈረንሳይኛ ወስደን «ቴምብር» አልነው። ግዕዙ «ጦማር» የሚለውን ይዞ ቀረ፤ በገጠሩ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ «ወረቀት» ነው የሚባለው። «ከልጅሽ ወረቀት መጥቶልሻል» ሲባል የማይደነግጥ የእናት ልብ አልነበረም።

በቴምብር ላይ ቃል ማተም ከዚያም በኋላ አላቆመም። በ1920 ዓ.ም. መጨረሻ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱንና የራስ ተፈሪን መልክ የያዙ አዳዲስ ቴምብሮች ወጡ። ወዲያው የአዲስ አበባ ዋና ፖስታ ቤት መመረቁን የሚያሳይ ማኅተም ታተመባቸው። መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ «ንጉሥ ተፈሪ» የሚል ተጨመረ። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው የመንግሥት አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲያርፍ የአውሮፕላን ሥዕል ተጨመረ። መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ዘውዲቱ ዐረፉ፤ በማግስቱ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ንጉሠ ነገሥትነታቸው ታወጀ፤ ይህም በዚያው ዓይነት ቴምብር ላይ ታተመ። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንዱ ቴምብር አራት ታሪክ ተሸከመ። ለተማሪዎቼ ያልኋቸው፣ የዘመኑን ዜና መዋዕል በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማንበብ ከፈለጋችሁ እነዚህን ደርድሯቸው ነው። ከዘውዲቱ መልክ ላይ የሌላ ሰው አልጋ መውረስ ታትሞ ማየት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልብን ይከብዳል።

ስለ እንስሳቱ ቴምብሮች ብዙ አልናገርም። እ.ኤ.አ. በ1919 ስዊዘርላንድ የታተሙት ቀጭኔ፣ ነብር፣ አውራሪስና ሰጎን ያለባቸው ቆንጆዎች ናቸው፤ ልጆች ይወዷቸዋል። በኋለኛው ዘመንም ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ለቴምብር መሥራታቸው ይታወቃል።

ከቀይ መስቀሎቹ ፊት ግን ልቁም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ጣልያን ያን ጊዜ ጦሩን በድንበር እያከማቸ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ለቁስለኛው ገንዘብ ለማሰባሰብ በነባር ቴምብሮች ላይ ቀይ መስቀል ታትሞ ተሸጠ። ለዚሁ ዓላማ ሕፃን የያዘች ነርስ የምትታይባቸው አዳዲስ ቴምብሮችም ተዘጋጅተው ነበር፤ ነገር ግን ለሽያጭ ሳይበቁ አገሩ ተያዘ። ያቺ ነርስ አደባባይ የወጣችው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ በላይዋ ላይ የድል ምልክት የሆነው የላቲን «ቪ» ታትሞባት ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ፖስታ ቤቶቹ የሚሸጡት የንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤልን መልክ፣ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ የጣልያን ግዛት የሚል ቴምብር ነበር። «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ራሱ ከቴምብር ላይ ጠፋ። በ1934 ዓ.ም. ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ እንደ ገና ሲወጣ ስሙም አብሮ ተመለሰ።

በነዚያ አምስት ዓመታት መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ የጣልያንን ቴምብር አልለጠፉም። ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች የሸዋ አርበኞች እርስ በርስ ይጻጻፉ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ውስጥ አርበኞችም መረጃ ይመጣላቸው ነበር። ያ ደብዳቤ የሄደው በሰው እጅ ነው። እዚህ አካባቢ ከሽማግሌዎች የሰማሁት፣ በአገልግል ሥር፣ በሻሽ እጥፋት፣ በበርኖስ ስፌት ውስጥ እየተደበቀ ነው። ከተያዘ መልእክተኛው ይገደላል። ይህ ሁሉ የፖስታ ታሪክ ነው። በሙዚየሙ ግን አንድም ምልክት የለውም፤ ምክንያቱም ቴምብር የለውም።

በዚህ ላይ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። የፖስታ ሙዚየማችን የላኪውን መንግሥት ታሪክ አሳምሮ ይናገራል፤ የተሸካሚውንና የተቀባዩን ግን አይናገርም። ይህ የሠራተኞቹ ጉድለት አይደለም። የሚጠብቁት የተሰጣቸውን ነው፤ የተሰጣቸውም ቴምብር ነው። ደብዳቤዎቹ የት ናቸው? ቅድም እንዳልኋችሁ እናንተ ዘንድ ናቸው።

የዘመሮና የአካባቢዋ ሰው ደብዳቤ መጻፍ የጀመረው ልጆቹ ሲርቁ ነው። አንዱ ለትምህርት፣ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለውትድርና ሄደ። በአገራችን ደብዳቤ በር አንኳኩቶ የሚያደርስ ፖስተኛ የተለመደ አይደለም፤ ሥርዓታችን የፖስታ ሣጥን ሥርዓት ነው። ሣጥን ያለው መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም ነጋዴ ነው። ስለዚህ በፖስታው ላይ «በእገሌ ትምህርት ቤት በኩል ለአቶ እገሌ ይድረስ» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ተማሪው ይይዘዋል፤ ወይም የአውቶቡስ ረዳቱ፣ ወይም ለገበያ የወረደ ጎረቤት። በጣርማ በር ዞሮ ማሃል ሜዳ፣ ከማሃል ሜዳ እዚህ፤ ከዚህ በእግር እስከ ቀበሌው። የመንግሥት ፖስታ የሚያልቀው ከተማ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ የባለአደራ ነው። ለዚህ አደራ ማንም አልከፈለም።

ሲደርስ ደግሞ የሚያነብ ሰው ይፈለጋል። ድሮ ደብተራው ወይም ቄሱ፣ በኋላ ተማሪው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ እናቶች ፊደል መቁጠር የፈለጉበት ምክንያት የልጃቸውን ወረቀት ራሳቸው ለማንበብ እንደ ነበር የነገሩኝ አሉ። የሌላ ሰው አፍ ሳይገባበት ማንበብ ማለት ነው። የዚህን ትርጉም የሚያውቀው ምሥጢሩን በጎረቤት ልጅ አፍ የሰማ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ለተማሪዎች፣ በተለይ ታሪክ ለምትማሩት፣ አንድ ነገር ላስረዳ። የአማርኛ ደብዳቤ ጠንካራ ሥርዓት አለው። «ይድረስ» ይላል፤ «እንደምን ሰንብታችኋል» ይላል፤ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ይላል። ይህ ሥርዓት ከገበሬው ቤት የተፈጠረ አይደለም፤ አፄ ምኒልክ ለመኳንንቶቻቸውና ለውጭ መንግሥታት ሲጽፉ ሰላምታቸውን የሚከፍቱት በዚሁ መንገድ ነው። የመንዝ ወታደር ከሰሜን ግንባር ለእናቱ ሲጽፍ የንጉሥን ሰላምታ ነው የሚሰጣት። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። ሆኖም አንባቢ ሆይ ተጠንቀቅ፦ «ሁላችንም ደኅና ነን» የሚለው ቃል ሁልጊዜ እውነት አይደለም። መርዶ በወረቀት አይነገርም። መርዶ የሚነገረው በሽማግሌ፣ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ስለዚህ አባቱ የሞተበት ልጅ ከቤቱ «አባትህም ሰላም ይልሃል» የሚል ደብዳቤ ይደርሰው ነበር። አንዳንዱ ይህን የሚያውቀው በነገሩ ሳይሆን በዝምታው ነው። ሦስት ደብዳቤ ተከታትሎ ሲመጣ የአባቱ ስም ከሰላምታው ዝርዝር ውስጥ ቦታው ከተለወጠ፣ ወይም «ስለ ሁሉም ስትመጣ እንጫወታለን» የሚል ከተጨመረ፣ ልቡ ይጠረጥራል። የታሪክ ተመራማሪ እነዚህን ደብዳቤዎች ልማዱን ሳያውቅ ቢያነብ፣ በዚያ ዘመን በመንዝ ማንም አልሞተም ብሎ ሊጽፍ ይችላል። እናንተ ግን ልማዱን ታውቃላችሁ። ለዚህ ነው እነዚህን ወረቀቶች ከማንም በፊት እናንተ ልታነቧቸው የሚገባው።

ጉዳዩም የሚያስቸኩል ነው። ደብዳቤ የቆመው በእኛ ዕድሜ ነው። ሞባይል ስልክ ሲመጣ «እንደምን ሰንብታችኋል» በድምፅ ሆነ፤ ድምፅ ደግሞ አይቀመጥም። የተጻፉት ወረቀቶች የተሰኩት በጓሳ ሣር ክዳን ሥር፣ በግድግዳ ስንጥቅ፣ በሙዳይና በሣጥን ውስጥ ነው። የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ሲለወጥ ከሣሩ ጋር አብሮ የወረደ ወረቀት ስንት ነው? ሽማግሌ ሲያርፉ ቤቱ ሲጸዳ እሳት መለኮሻ የሆነው ስንት ነው? ልጆችም ቴምብሩን እየላጡ፣ ፖስታውን ይጥላሉ። የቴምብር ሰብሳቢ ልጅ ጥሩ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ቴምብሩን ከፖስታው ሲልጠው ማኅተሙን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ደብዳቤው ከየት ከተማ፣ በየትኛው ቀን እንደ ተነሣ የሚናገረው ማኅተሙ ነው። ፖስታው ከሌለ ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ መቼ እንደ ተጻፈ ማወቅ ይከብዳል።

ስለዚህ በእጃችሁ ያለውን እንዴት እንደምታቆዩት ልንገራችሁና ልጨርስ። ደብዳቤውንና ፖስታውን አትለያዩ። ቴምብሩን አትላጡ፤ በውኃም አታርጥቡ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ወረቀቱን ያቢጫል፣ ቀለሙንም ይበላል። ታጥፎ የኖረውን በቀስታ ዘርጉትና በንጹሕ ነጭ ወረቀት መካከል አኑሩት። ፌስታል ውስጥ አታስገቡት፤ እርጥበት ያፍናል። ከምድጃ ጢስና ከአይጥ ራቅ ያለ የእንጨት ሣጥን ይበቃዋል። በሌላ ወረቀት ላይ፣ በእርሳስ፣ ላኪው ማን እንደ ሆነ፣ ተቀባዩ ማን እንደ ሆነ፣ ማን እንዳመጣው፣ ማን እንዳነበበው ጻፉ። ያነበበው ሰው በሕይወት ካለ ዛሬ ማታ ጠይቁት። ደብዳቤውን ለማንም መስጠት የለባችሁም፤ እኔም አልወስድም። ፈቃደኛ ከሆናችሁ ተማሪዎቻችን መጥተው እዚሁ ቤታችሁ ውስጥ ፎቶ ያነሡታል፤ የቤተሰብ ምሥጢር ያለበትን ደግሞ እናንተ ለይታችሁ ታስቀራላችሁ።

በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጡት እናቴ ከነጠላቸው ሥር አንድ ፖስታ ይዘው መምጣታቸውን አይቻለሁ። ከፈቀዱ መጀመሪያ እርሳቸውን እንስማ፤ ከዚያ ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንገባለን።